ሦስተኛው ስም

"እትዬ፣ ወረቀቱን እኮ ገልብጠው ነው የያዙት" አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ።

ሚሱክ አቃናችው። ተመልካቹ በየዘፈኑ መሀል ምን ብሎ መጮህ እንዳለበት የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ ወደ ሙዚቃ ዝግጅቱ አዳራሽ ሲገቡ በር ላይ ለሁሉም ታድሏል። ማንበብ ፈርታ እስካሁን ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር።

"ስሞቹን በተራ ነው የምንጠራው አይደል?" አለች።

"አዎ፣ 'የባሕር በር' ሲዘፈን። ሶዳም፣ ጂዎን፣ ሚልሙል፣ ናራ፣ ዩንቢ።"

"ሚልሙል የዘፋኞቹ ቡድን ስም አይደለም እንዴ? ሦስተኛዋ ሃዩል አልነበረችም?"

"ወጣች እኮ። ቦታው ባዶ ሲሆን ምቱ ይሰበራል፤ ለዚህ ነው የቡድኑን ስም ያስገቡበት። መጀመሪያ እየተሳሳትን ስንስቅ ነበር፣ አሁን ለመድነው። እርስዎ ለማንኛዋ ነው የመጡት?"

"ለሁሉም" አለች ሚሱክ።

ሃዩል ልጇ ናት። መድረክ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ከተሰበረ ስምንት ወር፣ ቡድኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት ውሏን ካቋረጠ ሦስት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ የምትወጣው እናቷ ሥራ ስትሄድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ግን በሩን በትንሹ ከፈት አድርጋ፣ "እማዬ፣ ሄደሽ ስሜን ይጠሩ እንደሆነ ስሚልኝ። በስልክሽ ቅጂልኝ" አለቻት። ከሦስት ወር በኋላ የጠየቀቻት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ሚሱክ ከሦስት ሺህ ሰው አንዱ እንኳ አፉ ለምዶበት ይጠራታል ብላ ነበር። ማንም ካልጠራት ራሷ ልትጠራት ቆርጣለች። ድምፅ አላት፤ ሃያ ዓመት የሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገላ አሺ ሆና ስትሠራ በውሃው ጩኸት ላይ የደንበኛ ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጀርባ እያሸች የልጇን ጨምሮ አምስቱን ስሞች በልቧ ስትደጋግም ሰነበተች።

ዘፈኑ ተጀመረ። ሚሱክ ስልኳን ደረቷ ላይ ያዘች። ከበሮው ቆም ሲል አዳራሹ ባንድ አፍ ጮኸ፤ ወንበሯ ተንቀጠቀጠ። በመጀመሪያው ዙር ደነገጠችና ድምፅ አልወጣትም።

"ጮክ ይበሉ እንጂ እትዬ!" ልጅቷ በክርኗ ነካ አደረገቻት። "አሁን ደግሞ ይመጣል። አብረን!"

ሁለተኛው ዙር መጣ። ሁሉም እጁን አነሳ፤ የሚሱክም እጅ ተነሳ። ደረቷ ሞላ፣ አፏ ተከፈተ፣ ከሁሉም ጋር እኩል ጮኸች። የጮኸችውን ያወቀችው አምስተኛው ስም ካለቀ በኋላ ነው።

"ጎበዝ! አንድም አልሳቱም እኮ" አለች ልጅቷ እየሳቀች።

ያ ዘፈን በአንድ ዝግጅት የሚዘፈነው አንዴ ብቻ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የቀዳችውን ከፈተች። የሦስት ሺህ ሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጥርት ብሎ የሚሰማው ግን የእሷው ነው፤ ሶዳም፣ ጂዎን፣ ሚልሙል። ሃዩል ይህን ድምፅ በግድግዳ በኩል እንኳ ታውቀዋለች። ሚሱክ ራሷን ጠላች። ደግማ ሰማችው፤ ከዚያ ከስልኳ ላይ አጠፋችው።

ስልኳ ነዘረ፤ የሃዩል መልእክት ነው። "ጠሩኝ?" ይላል።

"ጠሩሽ" ብላ ጻፈች። ሳትልከው ሰረዘችው። "ስልኬ ተዘግቶብኝ" ብላ ጀመረች፤ እሱንም ሰረዘችው። በመጨረሻ፣ "ምሳ በላሽ?" ብላ ላከች።

እስኪነበብ ድረስ ከመልእክቱ ጎን የምትቆየው ትንሿ የ1 ቁጥር ወዲያው ጠፋች፤ ሃዩል አንብባዋለች። ሚሱክ ስልኩን እያየች ሦስት ፌርማታ አለፈ። መልስ አልመጣም።

ሰፈሯ ለመድረስ ገና ሁለት ፌርማታ ይቀራል። የመውረጃውን ደወል ተጫነች፤ በእግር ሲሄዱት ቤቱ ይርቃል፤ ቶሎ አያደርስም።