የአርጎኑ ማሽን

አሉሚኒየሙ እንዳረረ ወተት ጠቁሮ ተኮማተረ። ባለሱቁ ግን ፈገግታውን አላጠፋም።

«ትንሽ እጅ ማፍታታት ይፈልጋል እንጂ ሁሉን ይበይዳል፤ እናቴን!»

ሮማነወርቅ የብየዳውን ጭንብል አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሃያ ሁለት ዓመት የብረታ ብረት ሥራ ማስተማሯን አልነገረችውም። ማሽኑ ኤሲ፣ ማለትም ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ የሌለው፣ ለብረት እንጂ ለአሉሚኒየም ከቶ የማይሆን መሆኑን ገና ስታየው አውቃለች። የሞከረችው ሰውየው እስከ የት እንደሚዋሽ ለማየት ነበር። አየች። ምላሷ ላይ ዝገት ዝገት አላት።

ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው ሱቅ ነው። ጡረታ ከወጣች ስምንት ወሯ ነው። ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢዋ፣ የሟች ባሏ መኪና ይቆምበት የነበረውን ጋራዥ ጠርጋ፣ ጠረጴዛ አቁማ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አስገብታ ጨርሳለች፤ የቀራት የአርጎን ብየዳ ማሽን ብቻ ነው። ጎረቤቶቿ ከወዲሁ የተሰነጠቀ ድስትና የባጃጅ ሞተር ክዳን ማምጣት ጀምረዋል። ከእንግዲህ በእጇ ሠርታ መኖር ነው የምትፈልገው፤ ስብሰባና ፊርማ በቅቷታል።

ባለሱቁ ከኋላዋ እየተጣራ ዋጋ ሲቀንስ ዞር ሳትል ወጣች። በሩ ላይ የቆመ አንድ በያጅ አዝኖላት፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ያገለገለ፣ ግን ጥሩ ማሽን የሚሸጥ ሰው እንዳለ ነገራት።

መጋዘኑን የከፈተላት አበበ ነበር፤ ያስተማረችበት ቴክኒክ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ። ደነገጠ። ወዲያው ግን ሳቀ።

«መምህርት! ለእርስዎማ በቅናሽ ነው።»

ሸራውን ገለጠው። ማሽኑ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ የመለያ ቁጥሩ ተፍቋል። ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ የእግር ፔዳሉን አነሳች። ማጠፊያው ላይ የጣት ርዝመት ያለው ብየዳ አለ፤ ረድፉ ወደ ግራ ያዘነብላል። በትምህርት ቤቱ በግራ እጇ የምትበይደው እሷ ብቻ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተማሪ ሰብሮት፣ ክፍሉ ሁሉ ከቧት እያየ የበየደችው ነው።

«ይኼ ማሽን ተቃጥሏል ተብሎ ነበር» አለች።

«ተብሎ ነበር።» አበበ ሶኬቱን ሰክቶ አበራው። የውስጥ ማራገቢያው ያለ እንከን ዞረ። «ቃለ ጉባኤው ላይ እርስዎም ፈርመዋል እኮ። ረሱት?»

አልረሳችም። በምሳ ሰዓት አራት ገጽ አምጥቶላት፣ በቁሟ፣ ሳታነብ፣ ማሽኑንም ሄዳ ሳታይ «አይጠገንም» ከሚለው ቃል ሥር ፈርማለች። የዚያ ዓመት ተማሪዎች የአርጎን ብየዳን በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በጠመኔ ሥዕል ተማሩ። የሣለችላቸውም እሷ ነበረች።

አበበን ተጸየፈችው፤ ሳቁን፣ ሸራውን እንደ ስጦታ የገለጠበትን ጣቱን። የሚያቅለሸልሻት ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ኤሲ አለው። ስትፈልገው የዋለችው ይኸው ነው። እጇም ሳታዘው ወደ መበየጃው እጀታ ተዘርግቶ ነበር።

እጇን ሰበሰበች። ፔዳሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የበርበሬ ነጋዴዎቹን አልፋ ከጀጎል ግንብ በር ስትወጣ ሀያት ጋ ደወለች። ሀያት የቀድሞ ተማሪዋ ናት፤ አሁን እሷን ተክታ ታስተምራለች።

«ሀያት፣ የአርጎኑ ማሽን አልተቃጠለም። የአበበ መጋዘን ውስጥ አገኘሁት። ነገ መጥቼ ለዲኑ እናገራለሁ፤ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

በስልኩ ውስጥ የተማሪዎች ጫጫታ እየራቀ ሄደ፤ በር ተዘጋ።

«ሀያት?»

«እናውቃለን፣ መምህርት» አለች ሀያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎም ድርሻ አለዎት ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ሮማነወርቅ የግንቡን ድንጋይ ተደገፈች። አፏ ውስጥ ምራቅ ሞላ፤ መዋጥም መትፋትም አቃታት።

አንድ ባጃጅ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እናቴ፣ የት ላድርስዎት?»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ገብታ ተቀመጠች።

«ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ጋ፤ አሁኑኑ» አለችው። ጮክ ብላ ነበር። ሀያት አልዘጋችም፤ ትንፋሿ ይሰማል።