አቶ ደከመው እንቅልፍ ላይ ነው

ጎሚስታው ቶላ ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስምንት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲያወልቅና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የአይሱዙ ጎማ በአንድ እጁ እያንከባለለ በሌላው ስልክ ያወራል። ትከሻው በር ያክላል፤ ሹፌሮች እንኳ ሲከራከሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከከተማው ሰው እሱን ከቁብ የማትቆጥረው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአራት ዓመት ልጁ ቀነኒ።

ሚስቱ ሕይወት ነርስ ስለሆነች እሑድ እሑድ ተረኛ ናት። ስለዚህ ከቸርች መልስ አባትና ልጅ ዳቦ በፌስታል፣ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ይወጣሉ። ይወጣሉ ይባል እንጂ መውጣት አይደለም። ቀነኒ አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች።

«አባቢ፣ ይሄ ጉንዳን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤቱ።»

«ቤቱ የት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እንከተለው።»

አንድ ጊዜ አንድ ጉንዳን ተከትለው ከመንገዱ ዳር እስከ ቁልቋሉ አጥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ሜትር የሚሆን መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ጉንዳኑ አጥሩ ሥር ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ፤ እነሱም ተመለሱ። ቶላ በሳምንቱ ሥራ የደነዘዘ ወገቡ እንዲህ ባለው ቀን ለምን እንደሚፈታለት አይገባውም ነበር። ለማንም አይናገርም እንጂ ከሐሙስ ጀምሮ እሑድን ይጠብቃል።

ችግሩ የመጣው ከድንጋይ ነው። ቀነኒ ከሄደችበት ሁሉ አንድ ድንጋይ ይዛ ካልተመለሰች ሄድኩ አትልም። መጀመሪያ በመዳፏ የሚገባ ነበር። ከዚያ የአባቷን ኪስ የሚሞላ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የአባቷን ትከሻ የሚጠይቅ። ቶላ በደሳ ላይ ለቆመ ደንበኛ ጎማ ሊቀይር ይዟት የሄደ ቀን፣ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ልጁን በአንድ ጭኑ፣ ድንጋይ በሌላው ጭኑ አስቀምጦ ገባ። ከገለምሶም እንዲሁ።

«ሰው ከገለምሶ ቡና ይዞ ይመጣል» አለችው ሕይወት። «ጭሮ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

«ብቻውን ነበር እኮ ያገኘነው» አለ ቶላ። የልጁን ቃል እንዳለ መድገሙን ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

በረንዳው ላይ ሠላሳ አንድ ድንጋይ ተደረደረ። ሁሉም ስምና ሥራ ነበረው። ከበደሳ የመጣው ዶክተር ነው፤ የገለምሶዋ ጠፍጣፋ ቲቸር ናት፤ ጥቁሩ ሹፌር ነው። ሕይወት በረንዳውን ስትጠርግ በየተራ ታነሳቸውና፣ ቀነኒ እያየቻት ከሆነ፣ ይቅርታ እየጠየቀች ትመልሳቸዋለች።

በጥቅምት አንድ እሑድ፣ በጫት እርከኖቹ ግርጌ በሚያልፈው የእግር መንገድ መሐል፣ የመኪና ባትሪ የሚያህል ድንጋይ ተቀምጦ አገኙ። አናቱ ላይ ኖራ ተቀብቷል። ቀነኒ ፊቱ ቁጢጥ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ደክሞት ነው የተቀመጠው» አለች።

«ወዴት ሲሄድ?»

«ወደ ከተማ።»

ቶላ ድንጋዩን አየ፤ ቁልቁለቱን አየ፤ ልጁን አየ። ሊከራከር ሞከረ። ከባድ ነው አላት፤ እሷም አንተ ጎበዝ ነህ አለችው። በሌላ ቀን አላት፤ እሷም እስከዚያ ጅብ ይበላዋል አለች። ጅብ ድንጋይ አይበላም ሲላት ዓይኗ በእንባ ሞላ። ቶላ ድንጋዩን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። እሷ ከኋላው የሰንበት ትምህርት መዝሙር እየዘመረች፣ መንገዱ ሲጠብ «ቀስ በልለት» እያለች ተከተለችው። ሀዲያ የምትባል ጫት ለቃሚ ከእርከኑ ላይ ቀና ብላ፣

«ቶላ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለችው።

«ደክሞት ነው» አለ ቶላ ሳይቆም። ሀዲያ ማን እንደደከመው ሳይገባት አፏን ይዛ ቀረች።

ቤት ሲደርሱ ቀነኒ ድንጋዩን በኦሞ አጠበችው፤ ኖራው ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። ስሙን አቶ ደከመው አለችው። እንደ ሌሎቹ በረንዳ ላይ አላሳደረችውም፤ የእናቷን ሻርፕ አልብሳ ከአልጋዋ ሥር አስተኛችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አምስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ወደ ጎሚስታው ሱቅ ደጃፍ መጡ። ከኋላቸው እርስ በርስ ላለመተያየት አንገታቸውን ያጣመሙ ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። ፊት የሚመሩት ሼህ ጅብሪል ናቸው፤ በተራራው ዙሪያ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ቶላ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበር ሰጣቸው። ሼሁ ስለ ጤናው፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቶላ፣ እሑድ ዕለት ድንጋይ ተሸክመህ ስትወርድ ታይተሃል።»

«እውነት ነው፣ ሼህ።»

«ማን ቀጠረህ?»

ቶላ አሰበበት። «ልጄ» አለ።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። ሁለቱ ጎልማሶች፣ ሳቢርና ቃሲም፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ የጫቱን ማሳ ለሁለት ከፍለው መሐሉ ላይ በእጃቸው ድንጋይ ተከሉ፤ ኖራም ቀቡት። ያ ድንጋይ አሁን የለም። ሳቢር፣ «ቃሲም ጎሚስታ ቀጥሮ አስነቀለብኝ» ይላል፤ ቃሲምም፣ «ሳቢር ነው» ይላል። ሰውን ሁሉ ያሳመነው የቶላ ትከሻ ነው። ያን የሚያህል ድንጋይ ለማንሳት ሌላ ማን ይቀጠራል?

ቶላ ሱቁን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ቤቱ ይዟቸው ሄደ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ የተደረደረውን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

«የስንት ሰው ድንበር ነው የነቀልከው?» አሉ አንደኛው በቀስታ።

ሳቢር ሰልፉን ቃኝቶ አንዱን መረጠ። «ይሄ ነው፤ ወላሂ፣ ያባቴ ድንጋይ ይሄ ነው።» ቃሲም ሌላ መረጠ፤ እሱም ማለ። ሁለቱም እንባ ቀረሽ ሆነው የመረጡትን መዳሰስ ሲጀምሩ ቀነኒ ከውስጥ ወጣች።

«እሱ ዶክተር ነው፤ ከበደሳ ነው የመጣው» አለችው ሳቢርን። ወደ ቃሲም ዞር ብላ ደግሞ፣ «እሷ ቲቸር ናት። አትንካት፣ አትወድም» አለችው።

ሼህ ጅብሪል በዱላቸው ተደግፈው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ኖራ የተቀባውስ፣ ልጄ?»

«ታጥቧል።»

«የት አለ?»

«ተኝቷል።»

«እንቀስቅሰው?»

«አይሆንም። ሌሊቱን አልተኛም፤ ጥርሱን ሲያመው ነበር።»

ቃሲም ወደ በሩ ሲራመድ የሼሁ ዱላ ፊቱ ላይ ተጋደመ። «ቁጭ በል» አሉት። «የሰው ቤት ነው። ልጅቷ ተኝቷል ብላለች። አራት ዓመት ስትጣሉ የታገሥን ሰዎች አንድ እንቅልፍ አያቅተንም።»

ተቀመጡ። ወሬው ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ ሳል ሲይዛቸው አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ግቢው በር ድረስ ሄደው ስለው ተመለሱ። ሳቢርና ቃሲም ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ስለማይችሉ መጣላቱ አልሆንላቸው አለ፤ በሹክሹክታ የተነገረ ስድብ ምክር ይመስላል። በዚህ መሐል ሕይወት ከሥራ ገባች። ነርስ ናትና በር ላይ ቆማ በዝግታ ጠየቀች።

«ማን ታሞ ነው?»

«ማንም አልታመመ» አለ ቶላ። «አቶ ደከመው እስኪነሳ ነው።»

ሕይወት አንድ በአንድ አየቻቸው። «ከተኛ ስንት ሰዓት ሆነው?» አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አርባ ደቂቃ ገደማ እንደሆነ መለሱላት። ራሷን ነቀነቀችና ብርጭቆ ሳታንኳኳ ሻይ ልታፈላ ገባች።

አቶ ደከመው ከሻዩ በኋላ ነቃ። ሁለት ባጃጅ ተጠራ። ቀነኒ በአባቷ ጭን ላይ፣ ድንጋዩ ከነሻርፑ በሼህ ጅብሪል ጭን ላይ ሆኖ ባጃጆቹ እስከሚችሉት ድረስ ወጡ፤ የቀረውን ቶላ ተሸከመው። ማሳው ላይ ሲደርሱ ሼሁ ድንጋዩ የተነቀለበትን ጉድጓድ አሳዩዋት።

«ከዚህ ነው ያነሳችሁት፣ አይደል?»

«አይደለም» አለች ቀነኒ። እጃቸውን ይዛ አርባ እርምጃ ያህል ቁልቁል ወስዳ የእግር መንገዱ መሐል አቆመቻቸው። «እዚህ ነው። ወደ ከተማ ሲሄድ ደክሞት ቁጭ ብሎ ነበር።»

ሼህ ጅብሪል ቀስ ብለው ወደ ወንድማማቾቹ ዞሩ። «ጎሚስታው ያነሳው ከዚህ ነው። ከጉድጓዱ እስከዚህስ በማን እግር መጣ?»

ሳቢር አንድ የጫት ቅጠል ቀጥፎ ማየት ጀመረ። ቅጠሉን አይቶ ሲጨርስ፣ «እኔ ነኝ» አለ። «ተናድጄ አንከባለልኩት። በየክረምቱ ወደ እኔ ሲመጣ እስከ መቼ ልየው?»

«ወደ አንተ የመጣው አንተ ወደ እኔ ስለላክኸው ነው» አለ ቃሲም። «እኔ መመለሴ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ላካችሁት፣ ስንት ጊዜ መለሳችሁት?» አሉ ሼሁ።

ሳቢር ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት እርምጃ ገፍቶታል። ቃሲም አራት ጊዜ፤ ግን አንዱን ጊዜ ጨለማ ስለነበር ወዴት እንደገፋው እርግጠኛ አልነበረም። ምናልባት ወደ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌዎቹ መሬት ላይ በዱላ እየጫሩ ደመሩ፣ ቀነሱ። በመጀመሪያው ስሌት የአባትየው ድንጋይ መሆን የነበረበት የጎረቤት ማሽላ ውስጥ ነው። በሁለተኛው አስፋልቱ ላይ ወጣ። ሦስተኛውን ሊጀምሩ ሲሉ ሼህ ጅብሪል ጭረቱን በእግራቸው አጠፉትና ቀነኒ ፊት ተንበረከኩ።

«አቶ ደከመው የት መቀመጥ ይወዳል፣ ልጄ?»

ቀነኒ ሳታመነታ በሁለቱ ማሳ መሐል ወደቆመ ዋንዛ ሥር ወሰደቻቸው። ጥላ አለ፤ ከታች መኪና ይታያል። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ዶማ እየተቀባበሉ ቆፈሩ፤ ቶላ ድንጋዩን አወረደው። አፈር ሲመልሱ ግን ልጅቷ ከንፈሯን ጣለች።

«ብቻውን ይፈራል። ዶክተር ይምጣለት።»

አንዱ ባጃጅ ወደ ታች ተላከ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዶክተር በፎጣ ተጠቅልሎ፣ «ለእራት አትዘግዩ» ከሚል የሕይወት መልእክት ጋር ደረሰ። ቀነኒ ከአቶ ደከመው አንድ ሰፊ የአባቷን እርምጃ ርቆ እንዲተከል አዘዘች።

«ለምን ራቀ?» አሉ ሼሁ።

«ዶክተር ያንኮራፋል።»

አሁን ድንበሩ ሁለት ድንጋይ ሆነ፤ መሐላቸው ላይ ደግሞ በግ የሚያስተኛ መሬት ቀረ። ሳቢርም ቃሲምም ያንን መሬት እኩል አዩት፤ ሽማግሌዎቹም ማየታቸውን አዩ። ሼህ ጅብሪል ነገሩ ሳይነሳ ቀደሙት።

«የቃሲም እስከ አቶ ደከመው ነው፤ የሳቢር እስከ ዶክተር። መሐሉ የልጅቷ መቀመጫ ነው። እሷ እስከመጣች ድረስ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አይተክልበትም።»

ሁሉም አሚን አለ። ቶላም ከሁሉም ጋር አሚን አለ፤ «እስከመጣች ድረስ» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያስር ያኔ አላሰበውም።

ሁለት እሑድ መልካም ነበር። ቀነኒ በሁለቱ ድንጋዮች መሐል ተቀምጣ ዳቦዋን በላች፤ ሳቢር ሸንኮራ አመጣላት፣ ቃሲም የተጠበሰ በቆሎ። በሦስተኛው ግን የሰፈሩ አህያ ወልዳ ነበርና ድንጋይ የሚባል ነገር ከልቧ ወጣ። ቅዳሜ ማታ ሳቢር ለቶላ ደወለ፤ «ነገ ትመጣለች አይደል?» አለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቃሲም ደወለ። ካልመጣች መሬቱ ባለቤት ሊያጣ፣ ባለቤት ካጣ ደግሞ ጠቡ ሊነሳ ነው፤ ሁለቱም ይህን ፈርተዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተነጋገሩም። ቶላ ግልገሏን አህያ ከነእናቷ ለምኖ፣ ከፊት እየጎተተ፣ ልጁን እያስከተለ ተራራውን ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሰማዩ ተቀዶ ሲዘንብ ቶላ ቀነኒን በመኪና ሸራ ጠቅልሎ፣ ጭቃው እያንሸራተተው፣ ዋንዛው ሥር አደረሳት። ወንድማማቾቹ ቀድመው ደርሰዋል። የራሳቸው መሬት ስለረጠበና ጥላው ያለው መሐል ላይ ስለሆነ የልጅቷን መቀመጫ ለሁለት ይዘውት ነበር፤ ሳቢር ጃንጥላ ይዟል፣ ቃሲም የሻይ ፔርሙዝ። ስታያቸው «ተጠጉ» አለቻቸው፤ ተጠጉ።

«ቀይ መኪና እንቁጠር» አለች።

ከታች በዝናቡ ውስጥ መኪኖች እያጉረመረሙ ያልፋሉ። ሦስተኛው ላይ ሳቢር ቀይ ነው ሲል ቃሲም ብርቱካንማ ነው አለ። ሳቢር ያን ቀለም ብርቱካንማ የሚል ሰው ብርቱካን በልቶ አያውቅም አለ። ቃሲም ፔርሙዙን አስቀምጦ እጁን እያወናጨፈ መመለስ ጀመረ። ቀነኒ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አፍ እያየች ሻይዋን ጠጣች።

ቶላ ጫማውን አውልቆ ጭቃውን አራገፈ። ጀርባውን ለዋንዛው ሰጥቶ፣ ሁለቱ ሰዎች ወደ አራተኛው መኪና እስኪሻገሩ መጠበቅ ያዘ።