የሚጠገነው ሞተር

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ካርቱም፣ ካላክላ ሠፈር፣ ከማሕጁብ ጋራዥ የነበርነው እናቴ ወለተማርያም፣ ወንድሜ ካሳሁን፣ መካኒኩ ማሕጁብና እኔ ነን። ሐኪሞቹ እናቴን "አገሯ አድርሷት" ካሉን ሳምንት አልሞላም። እሷም የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት ጭልጋ መድረስና አባቷ ባረፉበት ደብር መቀበር። መቀመጥ ስለማትችል አውቶቡስ አይሆንላትም። ስለዚህ አንድ ጀርመናዊ አገር ለአገር ይዞርበት የነበረውን፣ ውስጡ አልጋ የተሠራለትን አሮጌ ቫን ገዛን።

ክርክሩ በሞተሩ ነበር። ካሳሁን አሮጌውን አውጥተን ጋራዡ ጥግ የተቀመጠውን የጃፓን ሞተር እንድንገጥም ፈለገ።

"ይሄ በአንድ ቀን ድንበር ያደርሰናል፤ የጭልጋንም ዳገት ይወጣዋል" አለ።

"አንተ ካሳ፣ እሱ ኮምፒውተር ያለው ነው" አለ ማሕጁብ። "በረሃ ላይ ቢቆም ማን ይከፍተዋል? አሮጌውን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ።"

"ስትፈታው ስለምትውል ነዋ!"

ማሕጁብ ሳቀ። "እሺ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ወላሂ ድንበር ሳላደርሳት አልመለስም።"

እናቴ ቫኑ ውስጥ ተኝታ ትሰማ ነበር። "የሚጠገነው ይሁን" አለች። "እኔን የሚጠግን ጠፍቷል።"

ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣን።

ወድ መደኒን እንዳለፍን ሞተሩ ቆመ። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው ፑንቲና ተቃጥሎ ነበር። ማሕጁብ ቀይሮ አስነሣውና "አላልኳችሁም?" አለ፣ ደስ ብሎት። ገዳሪፍ ሳንደርስ የማራገቢያው ቺንጋ ተበጠሰ። እሱም ተቀየረ፤ ግን የጋለው ሞተር እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ካሳሁን ነጠላዋን እያረጠበ ግንባሯ ላይ ያደርጋል፤ እኔ በካርቶን አራግብላታለሁ።

"ዳገቱ ጀመረ?" ትለኛለች።

"ትንሽ ቀረን፣ እማዬ" እላታለሁ። ዙሪያው ሜዳ ነበር።

እሑድ፣ ገዳሪፍን አልፈን ወደ ድንበሩ ስንቃረብ፣ ዶካ አጠገብ ካርቡራተሩ ተደፈነ። ማሕጁብ አወጣውና በቤንዚን ያጥበው ጀመር። አሁን አይስቅም።

"ፍጠን እንጂ!" አለው ካሳሁን።

"ይነሣል፤ ኢንሻአላህ ይነሣል" አለ ቀና ሳይል።

ተነሣም። ልነግራት ዞር ስል እናቴ አርፋለች።

ካሳሁን "እንቀጥል" አለ። ማሕጁብ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ወንድሜ፣ ድንበር ላይ አስከሬን ያለ ወረቀት አያሳልፉም" አለው። ሞተሩን ለማጥፋት የተነሣ ሰው የለም፤ ሳይቆራረጥ ይሠራ ነበር።

ወረቀቱ ቀናት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ደግሞ አያቆይም። ወደ ካርቱም ተመለስን። ሰኞ እዚያው ቀበርናት። በመመለሻው መንገድ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልቆመም።