ግሮክ ማን ነው?

ከእኔ ሥጋ ቤት ቁርጥ ያልበላ ሰው ዳንግላን አየሁ ቢል አትመኑት። የማርዳቸው በሬዎች ዘንገና ሐይቅ ዳር አንዴ ጎንበስ ካሉ ውኃው ይጎድላል። መምህር ክንዴ ግን ከሥጋው ይልቅ ለጨዋታው ነበር የሚመጣው። ዕድሜ ልኩን እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው፤ እንግሊዞች ራሳቸው የጣሏቸውን ያረጁ ቃላት እየለቀመ ያመጣልኛል። ረፋድ ላይ ዓይኑን እያሸ የሚያልፈውን ጎረቤት “ስለጋቤድ!” ይለዋል፤ ከአልጋው የማይላቀቅ እንቅልፋም ማለት ነው። “ኦቨርሞሮው” ከነገ ወዲያ ነው። ከሁሉ የምንወደው “ግሮክ” ነበር፦ ሰው ሲበላ፣ ያጎርሰኝ ይሆን እያለ ዝም ብሎ አፍ አፉን የሚያይ። ሥጋ ቤት ለሚውል ሰው ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለም። የሰው ጠረጴዛ ላይ የሚያፈጥ ባየን ቁጥር “ግሮክ” እንባባልና በሳቅ እንፈርሳለን። እኔ በእነዚያ ቃላት ለንደን ብወርድ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

በጥቅምት ክንዴን ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ። አማርኛው ጠፋ፤ እናቱ አፉን ያስፈቱበት አዊኛ እንኳ አልተረፈም። በሳምንቱ ሚስቱ እናትነሽ እያለከለከች ሥጋ ቤት ድረስ መጣች።

“አያ ደርበው፣ አይበላም! ማንኪያውን ሳስጠጋው አፉን ይገጥማል። ሐኪሙ እስከ ነገ ካልበላ ባሕር ዳር ሄዶ በአፍንጫው ቱቦ ይገባለታል አለ። እህቱ ደግሞ መድኃኒቱ ይቅር፣ ጸበል ነው የሚያሽለው ይላሉ።”

“ምን አይተው?”

“የያዘው መንፈስ ስሙን ተናገረ ብለው። ግሮክ፣ ግሮክ ይላል።”

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

ቤቱ ስንደርስ ዳንግላ በሙሉ እዚያ ነበረች፤ የቀረው ሰው ደግሞ በጋሪ እየመጣ ነበር። ጠያቂው አልጋውን ከብቦ መደብና አግዳሚውን ሞልቶታል። እናትነሽ አጥሚቱን በማንኪያ ስታነሳ ያ ሁሉ ዓይን ማንኪያውን ተከትሎ ተነሳ። አንዳንዱማ ሳያውቀው አፉን አብሮ ይከፍታል። ክንዴ አፉን ገጠመ። ማንኪያው ሲመለስ “ግሮክ” አለ።

“ሰማችሁ?” አሉ ከአዲስ ቅዳም የመጡት ታላቅ እህቱ፣ እታለም ሰርክአዲስ። “ግሮክ ነህ? ከየት ያዝከው? ተናገር!”

“እታለም፣ መንፈስ አይደለም። ያረጀ የእንግሊዝ ቃል ነው” አልኳቸው።

“አንተ ደግሞ! በሬዬ ሚኒባስ ጎተተ ያልከው አንተው አይደለህ?”

“እሱስ ጎትቷል።”

“እሺ፣ ምን ማለት ነው?”

ሲበላ አፍ አፉን የምታዩ ብል፣ በእኛ አገር ይህን እንደ ቀልድ የሚሰማ የለም። ቡዳ አለን ብለው ይነሳሉ፤ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል እንጂ ክንዴ አይበላም። እናትነሽ ታየኛለች።

“የሐኪም ቃል ነው” አልኩ። “ለንደን ያሉ ታላላቅ ሐኪሞች ስትሮክ የመታውን ሲያበሉ በሩ ላይ ይጽፉታል። ጉሮሮው እስኪላቀቅ ከአጉራሹ በቀር ሰው አይቆምም፤ ትንፋሽ ይሻማዋል። ይህን የነገረኝ ፕሮፌሰር ነው፤ ያውም ሁለት ኪሎ ቁርጤን ብቻውን ጨርሶ።”

“ታዲያ ይህን ቀድመህ አትናገርም?” እታለም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። “ውጡ፣ ትንፋሽ አትሻሙት! ካልበላ ግን ነገ ጸበል ነው።”

ቤቱ ጭር አለ። እናትነሽ ማንኪያውን አነሳች። ክንዴ አሁንም አፉን አልከፈተም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

“ግሮክ።”

እውነቱን ነው፤ አንገቴን አስግጌ አፍ አፉን እያየሁ ነበር። ዞርኩና ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ካላንደር ጋር ተፋጠጥኩ። ከኋላዬ ማንኪያው ሳህን ነካ። ከዚያ ጥርስ ነካ። ክንዴን ትን አለው፤ እናትነሽ “ቀስ፣ ቀስ በል የኔ ጌታ” አለች። ማንኪያው እንደገና ሳህን ነካ።

“በላ?” ይላሉ ከደጅ። “ደርበው፣ በላ?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙሉ በሬ ዋጠ ብዬ እወጣ ነበር። አሁን ግን ፊቴን ከካላንደሩ አላዞርኩም።