ግድግዳው ይቅር

አጣቢዋ ባሏ ሞቶ የሰው ልብስ ማጠብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ብቸኛ ልጇ መንታ አርግዛ፣ ክረምት ሳይገባ እናቷ ጋ መጥታ ልትወልድ ነው። የቤቷ የጀርባ ክፍል ግን ከልብስ ክምር ተርፎ ድመት እንኳ አያስተኛም፤ መስፋት አለበት። ለማስፋት ደግሞ የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ስድስት ወር ሰልፍ አለ። ስድስት ወር ሲሞላ ሕፃናቱ መዳህ ጀምረዋል ማለት ነው።

ከሰልፉ የሚያስመልጥ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት አዲስ መስኮት ተከፍቷል፤ ከላዩ «አረንጓዴ ግንባታ» ተብሎ ተጽፎበታል። በፀሐይና በነፋስ የሚጠቀም፣ ያለውን ዕቃ ሳይጥል መልሶ የሚገለገልበት ቤት የሚሠራ ሰው፣ በዚያ በኩል በአንድ ወር ፈቃዱን ይዞ ይወጣል ተባለ። አጣቢዋም ማመልከቻዋን ከክፍሉ ፕላን ጋር በዚያ አስገባች።

«አረንጓዴ ቀለም ስንት ጣሳ ይበቃናል?» አላት ግንበኛው። ሰፈሩ ለፌዝ «ውኃ ልክ» ይለዋል፤ አንድ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ስለማያውቅ ነው።

«ቀለም አይደለም አሉ።»

«ታዲያ አረንጓዴው የቱ ጋ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! አንተ ዝም ብለህ ለካ።»

ማክሰኞ ከማዘጋጃ ቤቱ መስኮት መሐንዲስ ተላከች፤ ልጅ እግር ናት። የጀርባውን ክፍል አሮጌ የጭቃ ግድግዳ በጣቷ አንኳኳችው፣ መዳፏን ለጠፈችበት፣ ጆሮዋንም አስጠጋችው። አጣቢዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ግድግዳውን ባሏ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ ነው ያቆመው። ጎረቤቱ ሁሉ ብሎኬት ሲደረድር የእሷ ብቻ ጭቃ ሆኖ ኖረ፤ ሰው ሲመጣባት መጋረጃ ትጋርድበታለች።

«አትታዘቢኝ ልጄ፣ አቅም አጥቼ ነው» አለች።

መሐንዲሷ አልሰማቻትም፤ ስልኳ ጮኾ ነበር። ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል ስልኩን አጣብቃ እያወራች በፕላኑ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጫር ጫር አደረገች። «እማማ፣ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። እንደጻፍኩት ከሆነ እዚሁ እፈርምልዎታለሁ» ብላ ወጣች።

አጣቢዋ ሦስተኛ ክፍል ሳትጨርስ ነው ከትምህርት የወጣችው። ጣቷን እያስኬደች አነበበች። «መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ይዙር። የጭቃው ግድግዳ ይቅር።»

«እሰይ!» አለች። «ከተማውም ጠላው!»

ውኃ ልክም በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ። «ይቅር ይላል። ይወገድ ማለት ነው፤ አለቀ።»

ታናሽ ወንድሟ ሹፌሩ ምሳውን ሊበላ ጎራ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ተቀበላትና ቅንድቡን ሰበሰበ። «ቆይ እስቲ እታለም። ይቅር ማለት ባለበት ይቅር ማለትም ይሆናል እኮ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ያው ሌላው ሲሄድ እሱ ይቅር፤ ይቀመጥ።»

«ግድግዳ ደግሞ የት ሊሄድ ነው?»

«ስሚኝማ። ባለፈው ‹ያ ጉዞ ይቅርብህ› ስትዪኝ ተውኩት አይደል? ‹ዝናብ ነው፣ እዚሁ ቅር› ስትዪኝ ደግሞ አደርኩ። ያው አንድ ቃል ነው።»

«የሹፌር ሰዋስው!» ብሎ ሳቀ ውኃ ልክ። «በዚህ ዓይነት አንተ ‹ቁም› የሚለውን ምልክትስ እንዴት ታነበዋለህ?»

አጣቢዋ ግራ ገባት። ወረቀቱን ወንድሟ እንዳለው ስታነበው ግድግዳው ይቆማል፤ ውኃ ልክ እንዳለው ስታነበው ይወድቃል። ይቅር፣ ይቅር፣ ይቅር እያለች ቃሉን ስታመላልሰው ጭራሽ ትርጉሙ ከአፏ ላይ ተነነ፤ የሰው ስም መሰላት።

«ለምን አትደውዪላትም?» አላት ወንድሟ።

«ማንበብ አትችልም እንድትለኝ ነው? አልደውልም! ደግሞስ የትኛው ጤነኛ ከተማ ነው ጭቃ ይቀመጥ ብሎ የሚጽፈው? ውኃ ልክ፣ አፍርስ!»

ረቡዕ ዶማው ተነሣ። ግድግዳው እንዲህ በዋዛ የሚበገር አልነበረም፤ ዶማው እየነጠረ ውኃ ልክን ሁለት ጊዜ አስረገመው። እስከ ማታ ግን ግማሹ መሬት ላይ ተከመረ።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሷ ከደጅ እንደገባች ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«እማማ! ምን አደረጉት?»

«ይቅር አልሽ፤ አስቀረሁት።»

«እኔ እኮ ይቅር ነው ያልኩት!»

«እኔስ ምን አደረግኩ?»

«ይቅር! ይቆይ! ማንም አይንካው!»

«ታዲያ እንዲያ ብለሽ አትጽፊም ነበር?»

መሐንዲሷ ፕላኑን ቀምታት አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ጆሮዋ ቀላ። «እውነትም» አለች ቀስ ብላ፣ «እውነትም ያስታል።»

ከዚያ ተቀምጣ አስረዳቻት። ወፍራም ጭቃ የቀኑን ሙቀት ያዘገየዋል፣ ማታ ደግሞ መልሶ ይሰጣል፤ ማሽን አያሻውም። ማመልከቻዋን ያሳለፈላት ይኸው ግድግዳ ነው። በብሎኬት ከተካችው ከአረንጓዴው መስኮት ወጥታ ወደ ስድስት ወሩ ሰልፍ ትሄዳለች።

አጣቢዋ ክምሩን አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት መጋረጃ የጋረደችበት ነገር ነው ወረፋ የሚያስቀድማት? ትናንት ድህነት ያሉትን ዛሬ ዕውቀት የሚሉት ማን ፈቅዶላቸው ነው? ለመናደድም ለመሳቅም ቸገራት።

«የወደቀው ጭቃ እኮ ያው ጭቃ ነው» አለች መሐንዲሷ። «ይራስ፣ ጭድ ይግባበት፣ ይረገጥ፤ በመሠረቱ ላይ ተመልሶ ይቁም። ወሩ ሳያልቅ ካየሁት እፈርማለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«እኔ ብሎኬት እንጂ ጭቃ አልችልም» አለ ውኃ ልክ።

«ብሎኬትስ ትችላለህ?» አለችው አጣቢዋ።

ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ውኃ ያፈሰሱበት ክምር ውስጥ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠች። ስልኳ ጠራ፤ ልጇ ናት።

«እማዬ፣ ክፍሉ ደረሰ?»

«እየረገጥኩት ነው።»

«ምኑን?»

«ጭቃውን።»

«የምን ጭቃ? በብሎኬት አላልሽኝም? ቸገረሽ እንዴ እማዬ?»

«አልቸገረኝም። ከተማው ነው በጭቃ ሥሪ ያለኝ።»

«ከተማው? ምን ነክቶት?»

«ልጆቹን ቀን አይሞቃቸው፣ ሌሊት አይበርዳቸው ነው የሚሉት። እኔም አልገባኝም፣ አትጠይቂኝ።»

«እና እስክመጣ ይደርሳል?» አለች ልጇ በፈራ ድምፅ።

«ይደርሳል» አለች አጣቢዋ፣ የሰመጠ እግሯን እየነቀለች። «አንቺ ልጆቹን ያዥልኝ፤ እኔ ጭቃውን ይዣለሁ።»