የአቶ ጠሀ ኪሎ በግራፍ

መብራት በፈረቃ በነበረበት በዚያ ዓመት ሶፍያ ጠሀ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማር ነበር። ኤክሴል ላይ ሲደርሱ መምህር ኢዮስያስ የቤት ሥራ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ ራሱ የሰበሰበውን ቁጥር እያስገባ ግራፍ ይሠራል፣ ያሳምራል፣ በመጨረሻም ክፍል ፊት ቆሞ ያስረዳል። ከመጽሐፍ የተገለበጠ ቁጥር አልቀበልም ብሏል።

ጓደኞቿ ቶሎ ቶሎ መረጡ። አንዱ የኳስ ቡድኖችን ነጥብ፣ አንዷ የቲማቲም ዋጋ፣ ሌላው የዝናቡን መጠን ያዘ። ሶፍያ ግን ምንም ሳይመጣላት ወደ ቤት ስትመለስ እንደ ልማዷ በአባቷ ሱቅ በኩል አለፈች። አቶ ጠሀ ገበያ ውስጥ እህል ነጋዴ ናቸው። ያን ቀን ጆንያ የሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ራሳቸው ወጥተው ቆመዋል፤ የጎረቤት ባለሱቁ ጋሽ አብዱልሃሚድ ጎንበስ ብለው ያነባሉ።

«መቶ ሁለት» አሉ ጋሽ አብዱልሃሚድ። «አንድ ኩንታል ከነጆንያው።»

አቶ ጠሀ ባስኩላውን ይዘው በቀስታ ወረዱ። ልጃቸውን ሲያዩ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ «ሐኪሙ ቀንስ ብሎኛል» አሏት። «ዝም ብሎ ነው። አባቴም እንዲሁ ነበሩ።»

ሶፍያ ባስኩላውን አየች፤ አባቷን አየች።

«አባ፣ በየሳምንቱ ብመዝንህስ?»

«ለምን?»

«ለትምህርት ነው። ግራፍ ልሠራበት።»

«ለትምህርትሽ ከሆነ መዝኚኝ» አሉ አቶ ጠሀ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት እትዬ ወርቄ ከምትጠብሰው ትኩስ ፓስቲ አንዱን እያነሱ። «ኪሎዬ ግን የትም አይሄድም።»

እንዳሉትም የትም አልሄደም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ይመዘናሉ፤ ያው መቶ ሁለት ነው። በመጨረሻው ዓርብ ግን ባስኩላው መቶ ሦስት አለ። ሶፍያ ኮሌጅ ሄዳ ቀኖቹን በአንድ ዓምድ፣ ኪሎውን በጎኑ ጻፈች። ሁለቱን ዓምዶች መርጣ የመስመር ግራፍ እንዲሠራላት አዘዘች። ከጀርባ ያለውን ግራጫ ቀለም አጠፋች፣ መስመሩን ወፈር አደረገችው፣ ቀይ ቀባችው፣ ከላይ «የአባቴ ኪሎ» ብላ በትልቁ ጻፈች። አማረላት። መብራቱ ሳይሄድ አትማ ወደ ገበያ ሮጠች።

አቶ ጠሀ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ያዙት። መስመሩ አግድም ተኝቶ ይመጣና መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንተ ነህ።»

«ይሄ ሽቅብ የወጣው?»

ጋሽ አብዱልሃሚድ ከትከሻቸው በላይ አጮልቀው፣ «ታቦር ተራራን ይመስላል» አሉ።

አቶ ጠሀ አልሳቁም። ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። ሐኪሙ ያን ያህል ሲናገር ያልደነገጡት ሰውዬ አሁን ፊታቸው ተለዋወጠ። በእጃቸው የነበረውን ፓስቲ ሳይቀምሱት ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ሻይ ሲመጣላቸውም ስኳሩን ወዲያ ገፉት።

በማግስቱ ባጃጅ መሳፈር ተዉ። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት በእግራቸው ሆነ። ማታ ራት ላይ የሶፍያ እናት ሁለተኛ ስታቀርብላቸው እጃቸውን ሳህኑ ላይ ጋርደው «በቃኝ» ማለት ጀመሩ። እናቷ መጀመሪያ የታመሙ መስሏት ተጨነቀች፤ ነገሩ ሲገባት ልጇን ለብቻ ጠርታ፣ «እኔ ስንት ዓመት ለምኜ ያልሆነውን አንቺ በወረቀት?» ብላ ሳመቻት።

ጋሽ አብዱልሃሚድ ሁለት ሳምንት ያህል ሲያሾፉ ከረሙ። መስመሩ ወደ ታች መታጠፍ ሲጀምር ግን ማሾፋቸውን ትተው አንድ ዓርብ ጫማቸውን አውልቀው ባስኩላው ላይ ወጡ።

«እኔንም ጻፊኝ» አሉ። ዘጠና ስድስት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ግራፉ ላይ ሁለት መስመር ሆነ፤ ጭቅጭቅም መጣ። ሁለቱም «የእኔ አረንጓዴ ካልሆነ» አሉ።

«ቀድሜ የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጠሀ።

«ጠሀ፣ አንተ እኮ እስከ ዛሬ ቀይ ነበርክ።»

«ቀይ ለበሽተኛ ነው። አሁን እየዳንኩ ነው።»

ሶፍያ አረንጓዴውን ለአባቷ፣ ቢጫውን ለጋሽ አብዱልሃሚድ ሰጠች። ኮምፒውተሩ ላይ ደህና ይመስል የነበረው ቢጫ ነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም ጨርሶ አልታይ አለ። ጋሽ አብዱልሃሚድ ወረቀቱን ካገላበጡ በኋላ፣ «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰማያዊ ሆኑ፤ ስማቸውም በመስመሩ ጫፍ ላይ ተጻፈላቸው።

ቅር ያላት እትዬ ወርቄ ብቻ ነበረች። ሶፍያ ስታልፍ ጠርታ፣ «ወረቀትሽ ሁለት ደንበኛ ወሰደብኝ፤ ያውም ዋና ዋናዎቹን» አለቻት። ሶፍያ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ወርቄ ግን ቂም የምትይዝ ሴት አይደለችም። ሰንበት ብላ ከፓስቲው አጠገብ የገብስ ቆሎ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ሁለቱ ነጋዴዎችም ተመልሰው መጡላት።

ሥራው ክፍል ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ መምህር ኢዮስያስ በተማሪዎቹ መሀል እየዞረ ሥራቸውን ያይ ነበር። ሶፍያ ጋ ሲደርስ ቆመ። የቆየውን፣ የመጀመሪያውን ግራፍ ከፍታ ነበር።

«እኚህ ሰው ምን ሆነው ነው? አሟቸው ነበር?»

«አይ ቲቸር፣ አንድ ኪሎ ጨምሮ ነው።»

«ግራፍሽ ግን እንደዚያ አይልም። በግራ በኩል ያለውን ቋሚ መስመር እዪው። ከስንት ይጀምራል?»

ሶፍያ እስከዚያች ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ቁጥሩ ከመቶ አንድ ነው የሚጀምረው። ኮምፒውተሩ በራሱ መርጦ መቶ አንድን መሬት፣ መቶ ሦስትን ሰማይ አድርጎታል። መምህሩ ቋሚው መስመር ላይ በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ መነሻ ቁጥሩ የሚጻፍበትን ሳጥን አሳያትና ዜሮ አስገባ። ተራራው ወዲያው ጠፋ። በቦታው የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ የመሰለ መስመር ቀረ።

«አሁን ደግሞ ምንም የተለወጠ አይመስልም» አለች ሶፍያ።

«አዎ። ሁለቱም የአንድ ሰው ኪሎ ነው። የትኛው ለተመልካቹ እውነቱን እንደሚነግር አስቢበት» አለና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈ።

ሶፍያ ተጨነቀች። አባቷ በሚዛናቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። ከቡሹሎ በቆሎ የሚያመጡ ገበሬዎች ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፈው እሳቸው ጋ የሚመጡት ባስኩላው ስለማይዋሽ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ በአንድ ኪሎ ያስደነገጠቻቸው። ብትነግራቸው ወደ ስኳሩ ይመለሱ ይሆን? አንድ ዓርብ ዝም ብላ አሳለፈች። በሁለተኛው ግን አልቻለችም፤ ተራራውንና እስከዚያ ቀን ያለውን ኪሎ ሁሉ ከዜሮ አስጀምራ ያተመችውን ወረቀት ይዛ ሄደች።

አቶ ጠሀ መነጽራቸውን አድርገው ጎን ለጎን አዩዋቸው፤ እሷም ሁሉንም አስረዳቻቸው።

«ስለዚህ ያ ተራራ አንድ ኪሎ ብቻ ነበር?»

«አንድ ኪሎ።»

«አታለልሽኝ ማለት ነው።»

«ሳላውቅ ነው አባ። እኔም ራሴ አላየሁትም ነበር።»

አቶ ጠሀ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን አዞሩ። ሶፍያ አንገቷን ደፍታ ሳለ የአባቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። እየሳቁ ነበር።

«በአንድ ኪሎ ነው ይህን ሁሉ መራራ ሻይ የጠጣሁት?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ሳቃቸው ሲያባራ ከዜሮ የሚጀምረውን ወረቀት አነሱ። «ይሄኛውም ግን ልክ አይደለም። ሰባት ኪሎ ሙሉ ቀንሻለሁ፤ የታለ? ደግሞስ ዜሮ ኪሎ የሆነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሶፍያ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለችና፣ «ሐኪሙ ስንት ግባ ነው ያለህ?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ጠሀ ወደ ጋሽ አብዱልሃሚድ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰማንያ አምስት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ አብዱልሃሚድ። «እኔንም እዚያው አድርጊኝ።»

ሶፍያ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ቋሚውን መስመር ከሰማንያ አምስት አስጀመረችው፤ ጣሪያውን መቶ አምስት አደረገች። ከግራፉ በታችም «መነሻው 85 ኪሎ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘው» ብላ በግልጽ ጻፈችበት። አሁን ተራራም ገመድም አልነበረም። አረንጓዴውና ሰማያዊው መስመር ጎን ለጎን ሆነው ደረጃ እንደሚወርዱ ሽማግሎች ቀስ እያሉ ወደ መሬታቸው ይወርዳሉ።

ክፍል ፊት ቆማ ስታስረዳ መምህር ኢዮስያስ የጠበቀችውን ጠየቃት።

«ለምን ከዜሮ አላስጀመርሽውም?»

«አባቴ ዜሮ ኪሎ መሆን ስለማይችል ነው» አለች።

ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቀ። ከአሥር ዘጠኝ ሰጣት። አንዷን የቀነሰባት ከታች የተደረደሩት ቀኖች እርስ በርስ ተደራርበው ስለማይነበቡ ነው። ሶፍያም ተቀምጣ ዓርብ ዓርብ የሚሉትን ቃላት አሳጠረችና አራርቃ ጻፈቻቸው።

የቤት ሥራው አበቃ፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ግን መመዘን አልተዉም፤ ሶፍያም መሣሏን አልተወችም። የኮሌጁ ዕረፍት ሲመጣ አባቷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ሲሄዱ አብራቸው መውጣት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ላይ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ትንፋሽ አጠራት።

«አባ፣ ቀስ በል።»

አቶ ጠሀ ቆመው ጠበቋት። ላብም አልወጣቸውም። «ዓርብ አንቺንም ባስኩላው ላይ እናወጣሻለን መሰለኝ» አሏት።

«እኔ ሠሪ ነኝ እንጂ ተመዛኝ አይደለሁም።»

«ቀለሙን አንቺ ትመርጫለሽ» አሉና ክንዷን ይዘው፣ እርምጃቸውን በእሷ ልክ አሳጥረው መንገዱን ቀጠሉ።