መቶ ጋሎን፣ መቶ ሊትር

የፀረ ተባይ መድኃኒት ረጪዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ደሟ ፈላ። ሁለት ረድፍ የቲማቲም ችግኝ ተቃጥሎ የደረቀው «በሠራተኛዋ ግድየለሽነት» ነው ይላል። ስለ ታናሽ እህቷ አንድም ቃል የለበትም። እህቷ አብራት ስትረጭ ውላ፣ ክንዷ እስከ ብብቷ ውሃ ቋጥሮ እቤት ተኝታለች።

ዘጠኝ ዓመት በአትክልት እርሻው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ መድኃኒት ስትረጭ ከታዘዘችው ጠብታ ጨምራ አታውቅም። የአዲሱን መድኃኒት ልክ የነገራትም ተቆጣጣሪው ራሱ ነው፤ በመቶ ሊትሩ በርሜል አንድ ፓይንት፣ ማለት ግማሽ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አልበዛም ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። እሱ ግን የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ ያንቺ ሥራ መርጨት ነው ብሎ አፏን አስያዛት።

ትናንት ሐኪሙ እህቷን ምን እንደነካት ልወቅ ሲል ረጪዋ ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ክሊኒክ ሄደች። የክሊኒኩ ፋርማሲስት አገላብጣ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። አንድ ፓይንት የተባለው ለመቶ ሊትር ሳይሆን ለመቶ ጋሎን ውሃ ነው። የአሜሪካ ጋሎን ደግሞ ወደ አራት ሊትር ይጠጋል። ለአንድ በርሜል መቶ ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር ይበቃ ነበር። እህትማማቾቹ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው መርዝ ሲረጩ ውለዋል።

ጠርሙሱንና ደብዳቤውን ይዛ የእርሻው ባለቤት ቢሮ ገባች። ተቆጣጣሪውም እዚያው ነበር። የሰማችውን ሳታዛንፍ ተናገረች። ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ።

«ጋሎንም ሊትርም ያው መለኪያ ነው፤ ለዚህች ልዩነት ችግኝ አይቃጠልም» አለ።

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«ያው ከሆነ ና ውጣ» አለችው። «የዚያን ቀኑ ትራፊ በርሜሉ ውስጥ አለ። እጅህን እስከ ክርንህ ክተትና አሳየን።»

ከወንበሩ አልተነሳም። ባለቤቱ አንዴ እሱን አንዴ ጠርሙሱን አየ፤ ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብሎ ቀደደው። ነገሩ እዚሁ በመሃላችን ይለቅ ብሎም ለመናት።

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ በማኅተም ይጻፍልኝ። እሱም እቤት ድረስ መጥቶ እህቴን ይቅርታ ይጠይቃት።»

ወረቀቱ ተጻፈ። ተቆጣጣሪው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ ይቅርታ አለ። እህቷ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን ትራስ ላይ እንዳሳረፈች ትክ ብላ አየችው።

«እህቴ ስትጠይቅህ መለስ ብለህ ብታነበው ምን ነበረበት?»

ረጪዋ የምታስቀምጠው ወንበር ነበራት፤ ግን ተቀመጥ አላለችውም። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ እስኪወጣ ጠበቀችው። ከሄደም በኋላ ንዴቷ አልበረደላትም፤ የእህቷን ፋሻ ልትቀይርላት ትፈታ ጀመር።